ወደ ቀኝ ዞር በይ

ጋሽ ብሩሽ ሰው ደበደበ ሲባል የሰማው ሁሉ መጀመሪያ ሳቀ። ለምን አይስቅ? ሰውየው ዕድሜውን ያሳለፈው በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ቢራቢሮ ሲያበር፣ ዓሣ ሲያስቅ፣ ዝሆን ጃንጥላ አስይዞ ሲያንጎራድድ ነው። ቱታው ላይ የሌለ ቀለም ሱቅም አይገኝም። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሰው ሁሉ በሥራ ዕቃው ይጠራዋል፣ እሱም አቤት ይላል። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ዳር፣ የማስታወቂያ ጸሐፊውን አፍንጫ በቀለም መቀቢያው ሩሎ ዘንግ የሰበረው።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ማስታወቂያ ጸሐፊው ከሱቁ ደጃፍ ተንበርክኮ ደሙን በመዳፉ ሲቀበል፣ ጋሽ ብሩሽ ዘንጉን ወረወረና በጫማው ጎኑን ይለው ገባ። ሁለት ሰዎች ከኋላ አንቀው ባይጎትቱት ኖሮ አንድም ጤነኛ የጎድን አጥንት ባላስተረፈለት ነበር። ዓይኑ ደም ለብሷል። ከአፉ የሚወጣው ስድብ በዚያ አካባቢ የታወቀ ቢሆንም ከሱ አፍ ሲወጣ የሰማ ግን አልነበረም።

"ልጄን! ልጄን በመሮ! እጅህን ነው የምቆርጠው!" ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ብሩሽ በሠራው ግድግዳ ሁሉ ላይ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ አለች። ሚስቱ ሞታ ልጁን ለብቻው ሲያሳድግ የሚተውላት ሰው ስላልነበረው ሥራ ቦታ ይዟት ይሄድ ነበር። እሷ ከመወጣጫው ሥር ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ትቀመጣለች፤ እሱም ዓይኑ ሥር ያለውን ይስላል። "ወደ ቀኝ ዞር በይ እናቴ፣ ብርሃኑ ፊትሽን ይምታው" ይላታል፤ ዞር ትላለች። በአንዱ ትምህርት ቤት ኳስ ተከትላ ትድሃለች፣ በሌላው የፊት ጥርሷ ወልቆ ትስቃለች፣ በሌላው ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ ተሸክማ ትሮጣለች። ሰው ሁሉ በግድግዳ ላይ ስታድግ አይቷታል። መንገድ ስታልፍ "ቢጫዋ መጣች" ይባላል፤ አባቷም ቢጫዬ እያለ ነው የሚጠራት። ካገባች በኋላም አልቀረችም። አዲስ ግድግዳ በተጀመረ ቁጥር ትመጣለች፣ ቆርቆሮው ላይ ትቀመጣለች፣ ወደ ቀኝ ዞር ትላለች።

ያገባችው የአባቷን መወጣጫ ሠሪ ነው። ክንደ ብርቱ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ገመድ ሲቋጥር ጣቶቹን ለማየት የሚያስቆም ሰው ነው። ጋሽ ብሩሽ በሱ ቋጠሮ ላይ ቆሞ ስንት ግድግዳ ጨርሷል፤ አንድ ቀን እንኳ ጣውላ ከእግሩ ሥር ነቅነቅ ብሎበት አያውቅም። "ነፍሴን ያስያዝኩት ሰው ልጄን ቢይዝ ምን ይላል" ብሎ ዳረለት። ሰው ሁሉም ጥሩ አሰብክ አለው።

ከዚያ ግድግዳዎቹ ይነኩ ጀመር። መጀመሪያ የተነካችው በአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ያለችው ቢጫ ናት። አንድ ጠዋት ግራ ዓይኗ የለም። አልተፋቀም፣ አልተለቀለቀም፤ ጡቡ እስኪታይ በመሮ ተቦርቡሯል። ጋሽ ብሩሽ በሲሚንቶ ደፈነና መልሶ ሳለው። ቀጥሎ የጤና ጣቢያው ግድግዳ። እዚያ ደግሞ አፏ ነው፤ ትስቅበት የነበረው ቦታ ጉድጓድ ሆኗል። ያንንም ደፈነ። በመዋዕለ ሕፃናቱ ግድግዳ ላይ ክንዷ ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ተቀጥቅጦ፣ ፍርስራሹን ሕፃናት ሲጫወቱበት ሲያይ ግን ደሙ ሁሉ ወደ ራሱ ወጣ። ሥራ ስለተቀደመ የሚያኮርፈው፣ "የሱማ ሥዕል የሕፃን ጭረት ነው" እያለ የሚያወራው ማስታወቂያ ጸሐፊው ነው ብሎ ቆረጠ። ሩሎውን ከዘንጉ ነቀለና ዘንጉን ይዞ ሄደ።

አሁን ማስታወቂያ ጸሐፊው አፍንጫውን በሸሚዙ ጫፍ ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ተነሣ።

"ስማኝ አንተ እብድ" አለው፤ ድምፁ በደሙ ታፍኗል። "እኔ ብሆን ኖሮ ጥግ ላይ የጻፍከውን ፊርማህን ነበር የምፈልጠው። የልጅቱ ዓይን ምን ያደርግልኛል?" ደም ተፋ። "ግድግዳዎችህን ከማንም በላይ አውቃቸዋለሁ፤ ቀናሁባቸው፣ አየኋቸው፣ አልዋሽህም። ኳስ የምትከተለዋን የነካት አለ? ጥርስ የሌላትንስ? የተነኩት ከሠርጓ ወዲህ ያሉት ብቻ ናቸው። እኔ ደጅ ምን አመጣህ? ሂድና ቤትህ ፈልግ።"

ጋሽ ብሩሽ የያዙትን ሰዎች እጅ ከላዩ አራገፈ። ይቅርታ እንኳ አላለም። ዘንጉን ከመንገዱ አንሥቶ ሄደ።

የልጁ ቤት ከመኪና ጥገናው ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። በሩ ከማጠፊያው አንዴ ተነቅሎ ተመልሶ የተሰካ መሆኑን አዳዲሶቹ ብሎኖች ይናገራሉ። የከፈተለት አማቹ ነው።

"ጋሼ! ኧረ ይግቡ፣ ቤትዎ አይደለም እንዴ? ምነው እጅዎ ላይ ደም?"

"ቀለም ነው" አለ ጋሽ ብሩሽ።

ቢጫዬ ከጓዳ ወጣች። ሻርፗን ወደ ፊት ስባ ግንባሯን ሸፍናለች፣ ሁለት መዳፎቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ልትስመው ስትጎነበስ ቀኝ ጉንጯን አቀረበች፤ ግራውን አርቃ ያዘችው።

"እጅሽ ምን ሆነ?"

"ድስት ነው አባዬ።"

"አታይም እኮ ጋሼ" አለ አማቹ ከኋላዋ፣ እጁን ማጅራቷ ላይ አሳርፎ። "ቤት ውስጥ ስትሠራ ቀልቧ ሌላ ቦታ ነው።" እጁ እዚያው ቆየ። እሷም እጁ እስኪነሣ ድረስ አልተነፈሰችም።

ጋሽ ብሩሽ ያንን ፊት በብሩሽ እጀታ እየለካ ነው ያሳደገው። ከቅንድብ እስከ አገጭ ስንት እንደሆነ፣ ጉንጩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ጨለማ ውስጥ ቢጠይቁት ይነግራል። የግራ ጉንጯ አጥንት ከቦታው ዝቅ ብሏል። ከሻርፑ ሥር ያለው ጥላ ጥላ አይደለም። ይህን ሁሉ አየ። ካየ በኋላ ምን ቢል ጥሩ ነው? ስለ መሮ ጠየቀ! ልጁ ፊቱ ተሰብሮ ቆሞ ሰውየው ስለ ብረት ይጠይቃል።

"መሮዬ እዚህ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው አይደል? እፈልገው ነበር።"

"መሮውማ ጠፍቷል ጋሼ" አለ አማቹ። "መዶሻው አለ፣ መሮው የለም። ማን እንደወሰደው እንጃ።"

ቢጫዬ መሬት መሬቱን አየች። ጋሽ ብሩሽ ግን ነገሩ ሁሉ በራለት። መሮው የጠፋው ከዚህ ቤት ነው፣ የተነኩት ከሠርጉ ወዲህ ያሉት ናቸው፣ ይህ ሰው ሚስቱ በየግድግዳው በሰው ዓይን መታየቷ ያንገበግበዋል። ሌላ ማን ይሆናል? ጥርሱን ነክሶ ተሰናበተ። ከኋላው በሩ ተዘጋ፣ ቀጥሎ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ፣ እሱ ግን ስለሚያጠምደው ወጥመድ እያሰበ ስለነበር አልዞረም።

በዚያ ሳምንት የያዘው ሥራ አዲሱ ትምህርት ቤት ነበር። የፎቁ የጎን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የሱ ነው። ከታች ማንም የሚደርስበትን ቦታ በዛፍና በወፍ ሞላው፤ ቢጫዬን ጣሪያው ሥር አወጣት። ከዚህ በፊት ያላደረገውን አደረገ። እሷን ሳያስቀምጥ በቃሉ ሳላት። የበር መዝጊያ የሚያህል ፊት፣ ፀሐይን በሁለት እጇ ታቅፋ በሙሉ ጥርሷ ስትስቅ። ጉንጯን እኩል አደረገው። እንዲህ አምሮበት አያውቅም።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ አማቹ የመጨረሻውን ገመድ አጥብቆ ከመወጣጫው ሲወርድ ጋሽ ብሩሽ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"ይቺኛዋን የሚነካት እስቲ አያለሁ" አለው። "ነገ ደግሞ ግቢው ኦና ነው። ዘበኛውም ምሳውን ከበላ መድፍ ቢተኮስ አይነቃም።"

አማቹ ቀና ብሎ ሥዕሉን አየና ከት ብሎ ሳቀ። "አቤት አቤት! ባለቤቴ ናት እንዲህ የምትስቀው? እነግራታለሁ ጋሼ፣ ደስ ይላታል።" መዶሻውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ።

አማቹ ከበሩ ሲወጣ ጋሽ ብሩሽ ወደ ላይ ወጣ። የላይኛውን ጣውላ በቀኝ በኩል የያዙትን ገመዶች ፈታና አንድ ዙር ብቻ አዙሮ ጫፋቸውን ከውስጥ ወሸቃቸው። ከታች ላየው እንደ ታሰረ ነው። መወጣጫው ሥር ግንበኞቹ ትተውት የሄዱት የተሰባበረ ጡብ ተከምሯል፤ ጫፍ ጫፉ ወደ ላይ ቆሟል። ዘበኛው "ጋሽ ብሩሽ፣ ይህን ነገር ለሰኞ እናንሣው እንዴ?" ሲለው "ይቆይ" አለው። ሰውየው በራሱ ቋጠሮ ይወድቃል፣ ማን ምን ይላል? እንዲህ ነበር የሚያስበው። ይህ ግድያ ነው፤ ሌላ ስም የለውም፣ ጋሽ ብሩሽም ስሙን ያውቀው ነበር። እቤቱ ሄዶ እንቅልፉን ተኛ።

እሁድ ዘበኛው ምሳውን በልቶ አንኮራፋ። ጋሽ ብሩሽ ከግድግዳው ፊት ለፊት ባለው አንደኛ ክፍል ገብቶ የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን እስኪነካው ተጣጥፎ ተቀመጠ። ከመስኮቱ ሥር ቆርቆሮ ውስጥ የተዘፈዘፉት ብሩሾቹ ይሸታሉ። ብዙ አልጠበቀም። በአጥሩ ስንጥቅ በኩል የአማቹን ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ሰው ሾልኮ ገባ። ኪሱ ውስጥ የመዶሻ እጀታ ይታያል።

ጋሽ ብሩሽ ልቡ በደስታ ዘለለ። በደስታ ነው፣ ምንም መሸፋፈን አያስፈልገውም። "ውጣ" አለ በሹክሹክታ። "ውጣ የኔ ጌታ፣ ወደ ላይ ውጣ።"

ሰውየው ወጣ። ሲወጣ ግን ቋጠሮ አልነካም። መወጣጫ ሠሪ ሁሉ እንቅልፍ ላይ እንኳ ቢሆን የሚረግጠውን ጣውላ ገመድ በጣቱ ሳይሞክር አይረግጥም፤ ያንን ሰው ይህን ያስተማረው ጋሽ ብሩሽ ራሱ ነው። ሰክሯል ማለት ነው ብሎ አሰበ። ቱታውም ሰፍቶታል፣ እጅጌው ተጠቅልሏል፤ ጠጥቶ ሲያድር ከሳ እንዴ? ሰውየው የላይኛው ጣውላ ግራ ጫፍ ላይ ቆመ። ከኪሱ መሮውን አወጣ፣ የሥዕሉ ጉንጭ ላይ ደገነው። መዶሻውን በግራ እጁ አነሣ።

በግራ እጁ።

አማቹ በቀኝ እጁ ነው የሚሠራው። እንዲህ ክርኑን ወደ ውጭ ገልብጦ በግራ እጁ የሚያነሣ ሰው ጋሽ ብሩሽ በሕይወቱ ሁለት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ አንዷ ሚስቱ ነበረች፣ ከሞተች ቆይታለች። ሌላዋን ብሩሽ ያስያዛት እሱ ነው፣ ገና ስትድህ።

ወንበሩን ገልብጦ ወጣ። "ቢጫዬ! እንዳትንቀሳቀሺ! ቢጫዬ!"

ድምፁን ስትሰማ ዞረች። የተሳሳተው ነገር እሱ ነው፤ ስሟን ባይጠራ አትዞርም ነበር። ዞራ አንድ እርምጃ ወደ ጣውላው ቀኝ ጫፍ ረገጠች። ገመዱ ሾልኮ ተፈታ፣ ጣውላው ተገለበጠ፣ ቱታው አየር ላይ ተነፍቶ ታየ። ሮጦ አልደረሰም። ጡቡ ላይ ስታርፍ የተሰማው ድምፅ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር የሚሰማው ነው፤ ከሷም በኋላ ጣውላው ወረደና የሱን ትከሻ መትቶ መሬት ጣለው።

በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ደረሰባት። ኮፍያው ወልቋል። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች አቅጣጫውን ስቶ ታጥፏል፣ በቱታው ቀዳዳ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል። መዳፎቿ ላይ የነበረው ጨርቅ ተፈትቶ የቆሰለው ውኃ የቋጠረ ቆዳ ታየ። የድስት ቁስል አይደለም፤ መዶሻ ይዞ የማያውቅ እጅ ብዙ ሲመታ የሚያወጣው ነው።

"አባዬ" አለች። ከዚያ የገመዱን ጫፍ አየችው። የመወጣጫ ሠሪ ሚስት ናት፣ የሠራተኛ ልጅ ናት፣ የተቆረጠና የተፈታ ገመድ ትለያለች። "አንተ ነህ የፈታኸው?"

"እሱ መስሎኝ! በእግዜር፣ እሱ መስሎኝ ነው..."

ሳቀች። ጥርሷ ላይ ደም አለ። "እሱ ምን በወጣው የግድግዳዋን ይነካታል? እሱኮ ይወዳታል! ሲቀጠቅጠኝ ያመሽና ጠዋት እጄን ይዞ እዚያ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ፊት ያቆመኛል። 'ተመልከቻት፣ ይቺ የተመታች ሴት ትመስላለች?' ይለኛል። ልከሰው ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ የጣቢያው ጸሐፊ 'ኧረ ቢጫዋ፣ ትናንት በልጄ ትምህርት ቤት እንዲያ ስትፍለቀለቂ አይቼሽ!' አለችኝ። ሁሉም አንቺማ ደስ ብሎሽ የምትኖሪ ነሽ ይሉኛል። ማን ያምነኛል? አንተ እኮ ሥለህ አስመስክረህብኛል።"

"መጥተሽ ብትነግሪኝ..."

"መጣሁ እኮ!" ጮኸች፤ ጩኸቱ እግሯን ነክቷት መልሳ ተንሰፈሰፈች። "ዓይኔ አብጦ መጣሁ። ቆርቆሮው ላይ ተቀመጥኩ። አየኸኝ፤ ብሩሽህን አንሥተህ ፊቴን ለካህ፣ እኔም አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ወደ ቀኝ ዞር በይ አልከኝ።"

ጋሽ ብሩሽ የተፈታውን ጨርቅ አንሥቶ መዳፏ ላይ ሊጠቀልል ሞከረ፤ እጇን ነጠቀችው።

"ጥርሴ የተሰበረ ጊዜም መጣሁ። አፍሽን ገጠም አድርጊ አልከኝና ጥርሱን ከራስህ ጨመርክልኝ። ክንዴ ሲሰበር ረጅም እጅጌ አለበስከኝ። እኔ ምንም አላፈረስኩም አባዬ። አንተ የዘለልከውን ነው የጨመርኩት።" ትንፋሿ ቆራርጦ ወጣ። "ትናንት ማታ እየሳቀ ገባ። አባትሽ እንደገና በር አሳክሎ አሥቆሻል አለኝ። ዛሬ ምሳ በልቶ ሲተኛ ቱታውን ለብሼ መጣሁ።" ዓይኗን ወደ ላይ ወደ ሥዕሉ አነሣች። "ለሷ ብለህ ሰው ልትገድል ነበር። ለሷ።"

ዘበኛው በጩኸቱ ነቅቶ፣ ሁለቱን ወድቀው ሲያያቸው እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወጥቶ ሮጧል። ማንን ይጥራ? ባሏን ነዋ! ክፉ አላሰበም፣ ሴት ስትወድቅ ከባሏ ሌላ ማን ይጠራል። ባልየው በሸሚዝና በነጠላ ጫማ መጣ። ወደ እግሯ አላየም። ያየው ቱታውን ነው፣ ከዚያም አጠገቧ የወደቀውን መሮ።

"የኔን ልብስ?" አለ። "የኔን ልብስ ለብሰሽ? መሮውንም የወሰድሽው አንቺ ነሽ?" ጸጉሯን በጭብጡ ይዞ ጎተታት። እግሯ በጡቡ ላይ ሲንፏቀቅ ያወጣችው ድምፅ የሰው አይመስልም። በሌላ እጁ በጥፊ መታት፤ አንዴ መትቶ ሊደግም እጁን አነሣ። አማቱ አጠገቡ እንዳለ ረስቶ አይደለም። ምንም እንደማይል ስለሚያውቅ ነው።

ጋሽ ብሩሽ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን ከፊት ለፊት አየ። መዶሻው እጁ ሥር ነበር። ያ ሊደግም የተነሣ እጅ ሲወርድ በመዶሻው ከአንጓው ላይ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማው። አማቹ እሪ ብሎ ጸጉሯን ለቀቀና በቀረው እጁ የጋሽ ብሩሽን ጉሮሮ አነቀ፣ ጡቡ ላይ አንጋሎ በጉልበቱ ደረቱን ይወቃው ጀመር።

"ዳርክልኝ አይደል!" ይላል፤ እርስዎ ማለቱን ትቶታል። "ዓይኗ አብጦ ስትመጣም ታውቅ ነበር! ታውቅ ነበር አንተ ሽማግሌ!"

ጋሽ ብሩሽ ዓይኑ ሲጨልም ቢጫዬን ብቻ ነበር የሚያየው። ጡቡ ላይ በክርኗ ተንፏቅቃ መጥታ የባሏን ቁርጭምጭሚት በጥርሷ ያዘች። ሰውየው ሲጮኽ ዘበኛው መጣና በዱላው ራሱን አለው። ሁለተኛ መምታት አላስፈለገውም። ዘበኛው ዱላውን እያየ "እኔ ልጠራ ነው የሄድኩት እንጂ... ልርዳ ብዬ ነው" እያለ ያለቅስ ጀመር።

የወሰዷቸው እዚያው ጤና ጣቢያ ነው፤ ቢጫ ቀሚስ የለበሰችው ግድግዳው ላይ ያለችበት። አማቹን ራሱን ሰፍተው፣ እጁን ጠቅልለው ፖሊስ ይዞት ሄደ። ቢጫዬ እግሯ ታስሮ አልጋ ላይ ናት። ግራ ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። ጋሽ ብሩሽ የቀለም ሽታ ባለው ቱታው አጠገቧ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ የአምስት ጣት ምልክት ጠቁሮ ይታያል።

ፖሊሷ ወጣት ናት፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አባት፣ አንድ ነገር ይርዱኝ" አለች። "ባልየው ከመወጣጫ ወድቃ ነው እንዲህ የሆነችው፣ እኔ አልነካኋትም ይላል። እሷ ደግሞ ስጠይቃት እርስዎን ነው የምታየው። የቱ ከመውደቋ እንደሆነ የቱ ከመመታቷ መለየት አለብኝ።"

ጋሽ ብሩሽ ወደ ልጁ ተጠጋ። ብሩሹን ፊት መለኪያ አድርጎ ሲያነሣ እንደነበረው እጁ በልማድ ተነሣና መሀል ላይ ቆመ።

"ልናገር?" አላት።

ባልተዘጋው ዓይኗ አየችው።

"እንግዲያው ቀጥ ብለሽ እይኝ፣ እናቴ።"

ፊቷን ወደሱ አደረገች። እሱም ሳይነካት፣ በጣቱ እያሳየ ጀመረ። "ይህ ከቅንድቧ ሥር ያለው ጠባሳ የአውቶቡስ ማቆሚያውን ትምህርት ቤት ስንሠራ የመጣ ነው። ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር፤ ቀለሙ አልደርቅ ብሎኝ ነበርና አስታውሰዋለሁ። ጥርሷ ይህን ጤና ጣቢያ ስስል ነው። ክንዷ የመዋዕለ ሕፃናቱ ነው፤ ሐኪሙ ቢያየው አጥንቱ ጠምሞ መጋጠሙን ይነግርሻል። ጉንጯ የዚህ ሳምንት ነው። ዓይኗን ዛሬ ሲመታት እኔም ዘበኛውም አይተናል።" ጣቱን ወደ ታሰረው እግሯ አወረደ። "እግሯ የኔ ነው።"

ፖሊሷ ቀና አለች። "እንዴት የእርስዎ?"

"ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ። ባሏ እንዲወድቅ ነበር።"

"አባት፣ የሚናገሩትን ያውቃሉ? ይህ ያሳስርዎታል እኮ።"

"አውቃለሁ። ጻፊው።"

ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋን እንደያዘች "ሌላው ሁሉ ግን የባሏ ነው፤ እንዲህ ልበል?" ብላ ጠየቀችው።

አዎ ሊል ነበር። አፉ ላይ ደርሶ ነበር። በመስኮቱ በኩል የግድግዳው ጫፍና የቢጫ ቀሚስ ቁራጭ ይታያል፤ አልጋው ላይ ደግሞ ልጁ በአንድ ዓይኗ ፊት ለፊት ትመለከተዋለች።

"እጁ የሱ ነው" አለ። "እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ እያየሁ ቀለም ቀላቅያለሁ። ይህንንም ጻፊው።"

ፖሊሷ ይህ የት እንደሚጻፍ አላወቀችም፤ ከታች በኩል ጻፈችው። ቢጫዬ ፊቷን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላዞረችም።